ሲናሪዚን፦ ለጥቂት ቀን ጥሩ፣ ለወራት ግን አይሆንም

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ገብቶ «ያዞረኛል» ላለ ሰው ከሚሰጡት ክኒኖች አንዱ ባለ 25 ሚሊግራም ሲናሪዚን ነው። ለድንገተኛ ማዞር ይሠራል። አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ማቅለሽለሹን ያረግባል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሚያስመልሳቸውም ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ቢወስዱት ይረዳቸዋል። እንቅልፍ ያመጣልና መሪ ለሚይዝ አይሆንም፤ የባጃጅም መሪ መሪ ነው።

ጣጣው ወራት ሲቆጠሩ ነው። ክኒኑ አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴንና ስሜትን የሚያግዘው የዶፓሚን ኬሚካል መቀበያዎችንም ስለሚዘጋ፣ ሲቆይ በተለይ አረጋውያን ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እግር መጎተትና ድብርት ሊያመጣ ይችላል። ቤተሰብ ክኒኑን ስለምትወስደው እናት «ማዞሩ ነው ሆድ ያስባሳት» ብሎ ሌላ እሽግ ይገዛላታል፤ ክኒኑን የሚጠረጥር የለም። በዚያ ላይ አንጎል የተዛባ ሚዛንን የሚለምደው በእንቅስቃሴ ነው፤ ማደንዘዙ መልመዱን ያጓትታል።

ሱጁድ ስትወርድ ወይም አልጋ ላይ ስትገላበጥ ብቻ፣ ያውም ከደቂቃ ላነሰ ጊዜ የሚያዞራት ሴት ደግሞ ከነጭራሹ ላያስፈልጋት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከቦታቸው የለቀቁ የውስጥ ጆሮ ጠጠሮች ናቸው፤ የሚመልሳቸው የኤፕሊ ዘዴ ነው። ባለሙያው ጭንቅላቷን ወደ ታመመው ጆሮ 45 ዲግሪ አዙሮ፣ አንገቷ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዘቅዘቅ እንዲል በጀርባዋ ያስተኛታል። ማዞሩ እስኪቆም፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ጭንቅላቷን 90 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን፣ ከዚያ ከነሰውነቷ ሌላ 90 አዙሮ ቀስ ብሎ ያስነሳታል። ጎኑ ከተሳሳተ አይሠራም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የዓይን እንቅስቃሴዋ ይታያል።

ማዞሩ ካለፈ በኋላም የመንሳፈፍ ስሜቱ ሦስት ወር ከተሻገረ፣ ሰው የሚበዛበት ሰኞ ገበያ ካስፈራ፣ ክኒን ኪስ ውስጥ ሳይኖር ከቤት መውጣት ካቃተ ነገሩ ሌላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. መለያ መስፈርት የወጣለት ዘላቂ ማዞር ሊሆን ይችላል። ሕክምናው የሚዛን ልምምድ፣ የሥነ ልቦና የንግግር ሕክምናና ሐኪም ካዘዘ እንደ ሰርትራሊን ያለ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ነው፤ ሲናሪዚን እዚህ ቦታ የለውም።

ድብርት ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የመሞት ሐሳብ ካለ ግን በዚያው ቀን፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። እሽጉን ይዘው ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱት ይንገሯቸው።