ጂቲኦ ወይስ ጂ8? ፖንቲያክ ላማራችሁ

«ፖንቲያክ አየሁ፣ ዋጋው ደህና ነው፣ ልግዛው ወይ?» ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ልጆች ናቸው። ፖንቲያክ የጄኔራል ሞተርስ የነበረ፣ አሁን የተዘጋ የመኪና ብራንድ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ የትኛውን ፖንቲያክ? በዚህ ስም የሚሸጡት ፈጣን መኪኖች አንዱ ከሌላው አይገናኝም። የ1960ዎቹ ጂቲኦ አለ። ከ2004 እስከ 2006 የተሸጠው ጂቲኦ አለ። የ2008ና የ2009 ጂ8 አለ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

መልሴን ላስቀድም። ጂ8 ጂቲ፣ ባለ 8 ሲሊንደሩን፣ ግዙ። ባለ ሁለት በር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል የ2005 ወይም የ2006 ጂቲኦ ይግዛ። ለአሮጌው ጂቲኦ ግን ወረቀት ሳታዩ ቀብድ እንኳ አትስጡ።

አሮጌው የሚያስፈራኝ በአወላለዱ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ፖንቲያኮች ቀዳዳ አገኙ። ክልከላው ስለ ሞዴል እንጂ ስለ ተጨማሪ ዕቃ አያወራም። ስለዚህ ለ1964 ሌማንስ የሚባለውን መኪናቸውን ያዙና ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለበትን ጥቅል «ተጨማሪ ዕቃ» ብለው በ295 ዶላር ሸጡት። ጂቲኦ ማለት ይህ ነው። ጆን ዴሎሪያን ያኔ የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ነበር። የሽያጭ ሰዎቹ 5 ሺህ ከሄደልን ይበቃል ብለው ነበር። 32,450 ተሸጠ። በ1966 ወደ 97 ሺህ ደረሰ።

ያ ብልጠት ዛሬ የአጭበርባሪ መተዳደሪያ ሆኗል። ጂቲኦ ጥቅል ብቻ ስለነበር ማንም ሰው ተራ ሌማንስ ገዝቶ፣ ኮፈኑን ቀይሮ፣ ትልቅ ሞተር ገጥሞ፣ ጽሑፉን ለጥፎ ሊሸጥላችሁ ይችላል። በ1965 የሌማንስም የጂቲኦም የሻንሲ ቁጥር በ237 ነው የሚጀምረው። ቁጥሩን ብታነቡት ምንም አይነግራችሁም። በ1966 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ሆነ፤ ከዚያ እስከ 1971 ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። በ242 የማይጀምር የ1968 «ጂቲኦ» ካሳዩዋችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

አንድ ወዳጄ የ1965 ጂቲኦ ብሎ 48 ሺህ ዶላር ከፈለ። ቀለሙ ፊት ያሳያል፤ ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ፒኤችኤስ የሚባል የፖንቲያክን የፋብሪካ መዝገብ የያዘ አገልግሎት አለ። የሻንሲ ቁጥሩን ትልካላችሁ፣ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት የሆነ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ መኪናው ከፋብሪካ ምን ሆኖ እንደወጣ የሚናገር ወረቀት ይመጣላችኋል። ወዳጄ ይህን ወረቀት ያዘዘው ከገዛ በኋላ ነበር። መኪናው የወጣው ባለ 326 ሞተር ሌማንስ ሆኖ ነው። መልሶ ሲሸጠው 27 ሺህ አገኘ። የጠፋው 21 ሺህ ዶላር ነው፤ በዚያ ብር ደህና ጂ8 ይገዛል።

ኮፒ ራሱ ነውር የለበትም። በኮፒ ዋጋ ከገዛችሁት ያምራል፣ ይሮጣል፣ ክፍሎቹም እንደ አዲስ እየተሠሩ ይሸጣሉ። ችግሩ በእውነተኛው ዋጋ መሸጡ ነው።

ከ1970 በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ ደስ አይልም። የጭስ ደንብ መጣ፣ ኢንሹራንስ ናረ፣ በ1973 ነዳጅ ጠፋ። ጂቲኦ በ1974 ቬንቹራ የምትባል ትንሽ መኪና ላይ ተለጥፎ ሞተ። ፋየርበርድ ከሚባለው የፖንቲያክ ስፖርት መኪና አንዱ ዓይነት የሆነው ትራንስ ኤም ለተወሰነ ጊዜ ቤቱን ደግፎ ያዘ፤ በ1979 ብቻ ከ117 ሺህ በላይ ተሽጧል። ከዚያ በኋላ ፖንቲያክ ማለት የቼቭሮሌት ወንድም የሆነ መኪና ላይ ፕላስቲክ መለጠፍ ሆነ። በ2001 አዝቴክ የሚባል መኪና መጣ፤ ስለ መልኩ ባናወራ ይሻላል። በ2002 ፋየርበርድ ቆመ።

ጂቲኦ የተመለሰው ከአውስትራሊያ ነው። ቦብ ለትዝ የሚባሉት የጄኔራል ሞተርስ ኃላፊ፣ ሆልደን ከሚባለው የኩባንያው የአውስትራሊያ ብራንድ ሞናሮን አመጡና የፖንቲያክ አርማ ተለጠፈበት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ይህን መኪና ታውቁታላችሁ፤ ለእናንተ ቼቭሮሌት ሉሚና ኩፔ ተብሎ ተሽጧል። ጂ8ም የሆልደን ኮሞዶር ነው፤ እሱም እናንተ ጋ ሉሚና ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ ጂቲኦ 33 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ሰው «መልኩ ተራ ነው» ብሎ ናቀው። በሦስት ዓመት 40,757 ብቻ መጣ።

ስለ ጉልበት አልከራከርም። ሁለቱም ፖሊስ ጋ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ያህል ይሮጣሉ። ከ2004ቱ ይልቅ የ2005ና የ2006 ጂቲኦ እንደሚሻል ብቻ ያዙ፤ ባለ 6.0 ሊትሩ ሞተርና ትልቁ ፍሬን የገቡት ያኔ ነው።

የሞተ ብራንድ ስትገዙ መፍራት ያለባችሁ ሞተሩን አይደለም። የጂቲኦ ሞተር የዚያ ዘመን የቼቭሮሌት ስፖርት መኪና፣ ኮርቬት፣ ላይ ያለው ነው፤ ዕቃው የትም ሱቅ አለ፣ የትኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ኪስ የሚያራቁተው ቆርቆሮው፣ ፕላስቲኩና መብራቱ ነው። ፖንቲያክ እንደሚዘጋ በሚያዝያ 2009 ተነገረ። የአከፋፋዮቹ ውል በጥቅምት 2010 አበቃ። ሁለቱም መኪኖች የተሠሩበት አደሌይድ አጠገብ ያለው የኤልዛቤት ፋብሪካ በ2017 ተዘጋ። አዲስ ባምፐር የሚያትም የለም።

አንድ የማውቀው ልጅ ጂቲኦውን ፓርኪንግ ውስጥ አጋጨ። ፍጥነቱ የእግረኛ ነው። የፊት ባምፐርና አንድ መብራት ሄደ። ኦሪጅናል ሲፈልግ አጣ፤ ያገኘውም ዋጋው ራስ ያዞራል። ኮፒ ባምፐር በ280 ዶላር አዘዘ። ሲመጣ ቀዳዳው ከቀዳዳው አይገጥምም። ቦዲ ሠሪው ለማስተካከልና ለመቀባት 900 ጠየቀ፣ ተከፈለው። አንድ ክረምት ሳያልፍ ማያያዣው ጋ ተሰነጠቀ። መብራቱን ደግሞ ከአውስትራሊያ አሮጌ አስመጣ። እዚያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ የመብራቱም ጨረር ከፍ የሚለው ወደ ግራ ነው። እዚህ ሲገጠም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። መብራቱም ገንዘቡም ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያስመጡ አሉ፤ እዚያ መሪው እንደኛው በግራ ስለሆነ መብራቱ ይሠራል። ትራንስፖርቱን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በዚህ በኩል ጂ8 በግልጽ ይሻላል። ሞናሮ ኩፔ ነበር፤ የትውልድ አገሩም ውስጥ ብዙ የለም። ኮሞዶር ግን ከ1996 እስከ 2010 በየዓመቱ የአውስትራሊያ ቁጥር አንድ ተሸጭ መኪና ነበር። በርና መስኮቱ እዚያ ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥም ለፖሊስ የተሸጠው ቼቭሮሌት ካፕሪስና ቼቭሮሌት ኤስኤስ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ከሥር ያለው ዕቃ ይገኛል። የጂ8 ፊት ብቻ የፖንቲያክ የራሱ ነው፤ ባምፐሩ ካልተጫረ ያንን እንደ ሀብት ቁጠሩት።

ኢንሹራንስ ላይ አንድ ነገር። ባምፐር ስለማይገኝ ብቻ ቀላል ግጭት መኪናውን «ከጥቅም ውጪ» ሊያስብለው ይችላል። ያኔ የሚከፈላችሁ የአሮጌ ፖንቲያክ ዋጋ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ የምትስማሙበትን ዓይነት ጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በየማስታወቂያው የማየው ዋጋ፣ ለደህና ጂቲኦ ከ15 እስከ 30 ሺህ ነው። ማይሉ ዝቅ ያለ፣ በማኑዋል ካምቢዮ የሚነዳው ወደ ላይኛው ይጠጋል። ጂ8 ጂቲ ከ10 እስከ 20 ሺህ ውስጥ ይገኛል። አዲስ ሳለ 30 ሺህ አካባቢ ነበር። ለዚያ ገንዘብ አራት በር፣ ለልጅ ወንበር የሚበቃ የኋላ መቀመጫና እውነተኛ የዕቃ መጫኛ ታገኛላችሁ። በጂቲኦ ላይ ለአሜሪካ የግጭት ደንብ ሲባል የነዳጅ ታንኩ ከኋላ ወንበር ጀርባ ስለተዛወረ ሻንጣ የሚገባበት ቦታ ተበልቷል። ኤርፖርት እንግዳ ለመቀበል በዚህ መኪና አትሂዱ። የኛ እንግዳ በሻንጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ጂ8 ጂቲ ትልቅ ሕመም አለው፤ አልደብቅም። ነዳጅ ለመቆጠብ በሀይዌይ ላይ ከስምንቱ ሲሊንደር አራቱን ያጠፋል። ለዚያ ሥራ የተቀመጡት ልዩ ሊፍተሮች (ቫልቩን የሚገፉት ክፍሎች) ይበላሻሉ። ቴስታታው ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ካምሻፍቱም አብሮ ይቀየራል። እዚህ አካባቢ ሲጠየቅ የሰማሁት ከ3 እስከ 5 ሺህ ዶላር ነው። የኮምፒውተሩን ፕሮግራም አስቀይሮ ሲሊንደር ማጥፋቱን ማስቆም በጥቂት መቶ ዶላር ያልቃል፤ እኔ ብሆን በገዛሁ ሳምንት አደርገዋለሁ። ሊፍተሩን ቀይሮ ደረሰኙን የያዘ ሻጭ ካገኛችሁ 2 ሺህ ቢጨምርባችሁ እንኳ ግዙት። ጂቲኦ ይህ ችግር የለበትም። የእሱ የፊት ቦኮላዎች (በብረት መጋጠሚያ ላይ ያሉት ጎማዎች) ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ የሾክ አብዞርበር መያዣው ሲሰምጥ ጎማው ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። የፊት ጎማዎቹን የውስጥ ጎን በእጃችሁ ዳብሱ። የጂ8ም ቦኮላ ያረጃል፤ የሁለቱም ጥገና ግን ከሊፍተር ጋር አይወዳደርም።

በርካሽነቱ ተስባችሁ ባለ 6 ሲሊንደሩን ጂ8 አትግዙ። የዚያ 3.6 ሊትር ሞተር የታይሚንግ ሰንሰለት በመለጠጥ ይታወቃል፤ በግዢ ያተረፋችሁት በጥገና ይሄዳል። ጂኤክስፒ የሚባለው ጂ8 ሊፍተሩ ጤነኛ ነው፣ ማኑዋልም አለው፣ ግን ከ2 ሺህ በታች ስለተሠራ ዋጋው ሰብሳቢዎች እጅ ገብቷል። ያን ያህል ካላችሁ ጨምሩና ከ2014 እስከ 2017 የተሸጠውን ቼቭሮሌት ኤስኤስ ግዙ። ሞተሩ ያው ነው፣ ብራንዱም በሕይወት አለ።

ለዕለት መመላለሻ ነው የምትሉኝ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው የምትጠይቁት። ፖንቲያክ ቫይብ ግዙ። ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ ይሠሩት የነበረ የቶዮታ ማትሪክስ መንትያ ነው። 1.8 ሊትሩን ምረጡ። አርማው ፖንቲያክ ስለሆነ ብቻ ከማትሪክሱ ረከስ ይላል። የኤርባግ ሪኮል ስላለበት መሠራቱን በሻንሲ ቁጥሩ አጣሩ፤ ጥገናው በነጻ ነው። «አገር ቤት ልውሰደው» የሚል ሐሳብ ካለ ደግሞ ይቅር፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አታስገባም።

ጂ8 ጂቲ ለማየት ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» ብላችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን ንኩ። ከቀዘቀዘ አስነሱትና አድምጡ፤ ታክ ታክ የሚል ድምፅ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ካልጠፋ ሊፍተር ነው። ኮፈኑ ሞቆ ካገኛችሁት ከዋጋው 3 ሺህ አስቀንሱ። እምቢ ካለ ሌላ ጂ8 አለ።