ዘጠኝ ክለብ ከዞሩ በረኛ ጋር 12 ሳምንት፦ የግብ ጠባቂዎች ሥልጠናው እንዴት ነበር?

ሥልጠናውን የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ12 ሳምንት። ስድስት ሰልጣኞች ነበርን፤ ሁላችንም ከሥራ መልስ የምንጫወት በረኞች ነን። አሰልጣኙ ሃምሳ አምስትን ያለፉ፣ በ17 ዓመት የተጫዋችነት ዘመናቸው ዘጠኝ ክለብ የቀያየሩ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስመዘገብ ይሄ ነገር አሳስቦኝ ነበር። አሁን ግን ሥልጠናውን ከሌላው የለየው ያ ወንበር ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጓንታችንን አስወለቁን። ሁለት ረጅም ገመድ አመጡና አንዱን በግራው ቋሚ፣ ሌላውን በቀኙ ቋሚ አስረው፣ ጫፎቻቸውን ኳሷ ያለችበት ቦታ ላይ በካስማ ቸከሉት። ኳሷ ከግቡ በስተግራ፣ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ አካባቢ ነበረች። "ግባና ቦታህን ያዝ" አሉኝ። ያዝኩ። ዞር ብዬ ሳይ በአንድ በኩል ያለው ገመድ ትከሻዬን ሊነካ ደርሷል፤ በሌላው በኩል ያለው ከአንድ ክንድ በላይ ርቋል። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ የምቆመው የግቡ መሃል ላይ እንጂ ከኳሷ ወደ ሁለቱ ቋሚዎች በሚሄዱት ገመዶች መሃል አልነበረም! ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አስወጡኝ፤ ሁለቱም ገመዶች ወደ እኔ ጠበቡ። አንድ ሰው ቆሞ 7.32 በ2.44 ሜትር የሆነ ግብ መሸፈን አይችልም፤ ገመዱ ውስጥ ስትሆን ግን የምትቆምበት ቦታ ብቻውን ምን ያህሉን እንደሚዘጋ በዓይንህ ታየዋለህ። ደስ ብሎኝ አሁንም ሦስት እርምጃ ጨመርኩ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ኳሷን በቀስታ ቆርጠው በጭንቅላቴ ላይ አሳለፏት፤ መረብ ውስጥ አረፈች።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ስሰለጥን ሥራው ሁሉ ራስን መወርወር ነበር። ግራ፣ ቀኝ፣ ተነስ፣ እንደገና። ላቡ ብዙ ነው፤ ግን ግብ ሲቆጠርብኝ "ለምን አልዘለልክም?" ከመባል ውጪ ለምን እንደገባብኝ የነገረኝ አልነበረም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የልምምድ ጨዋታ ተደረገ። እኔን አላሰለፉኝም፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ደብተር ሰጡኝ። "ኳሷን አትይ። የበረኛውን እግር እይ። ኳስ በተመታች ቁጥር ሁለቱም እግሩ መሬት ይዟል ወይስ እየተራመደ ነው፣ እሱን ብቻ ጻፍ።" ኳስ ሳያዩ ጨዋታ ማየት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 11 ምት ቆጠርኩ። በሰባቱ ላይ ጓደኛዬ ገና እየተራመደ ነበር፤ የተቆጠሩበት ሦስቱም ግቦች ከነዚያ ሰባት ውስጥ ናቸው። ከዚያ ተቀያየርንና እሱ የኔን ቆጠረ፤ የኔም ያው ነበር። "አየህ ልጄ፣ እኔ ይሄን ያወቅኩት ስጫወት አይደለም፤ ተቀምጬ ነው" አሉኝ። በየክለቡ የያዟቸውን ደብተሮች በኋላ አሳይተውናል፤ የትኛው አጥቂ ከመምታቱ በፊት የቆመበትን እግር ወዴት እንደሚያዞር ሳይቀር ተጽፏል።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሳቸው ብቻ አይደለም። ጆን በሪጅ ወደ 30 የሚጠጉ ክለቦችን የዞረ በረኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በ43 ዓመቱ ለማንቸስተር ሲቲ በፕሪሚየር ሊግ ተሰልፏል። ኋላ ኦማን ሄዶ በረኞች ሲያሰለጥን ገና ወጣት የነበረውን አሊ አል ሀብሲን ያገኘው እሱ ነው፤ አል ሀብሲም የእንግሊዞቹ ቦልተንና ዊጋን ደርሷል። ኑኖ እስፒሪቶ ሳንቶም የፖርቱጋሉ ፖርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን የቪቶር ባያ ተጠባባቂ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው በአሰልጣኝነቱ ነው።

ሥልጠናው ላይ የጎደለም አለ። ከመስመር ወደ ግቡ ፊት የሚሻገር ኳስ በሚገባ አልሠራንም፤ ስድስት በረኛ ብቻ ይዞ የግብ ክልሉን በሰው መሙላት አይቻልምና "የኔ!" ብሎ ወጥቶ ተጋፍቶ መያዝን ባዶ ሜዳ ላይ ነው የተለማመድነው። ይሄ ለኔ ትልቅ ጉድለት ነው። ኳስን በእግር መጫወትም ሁለት ቀን ብቻ ደርሶታል። አሰልጣኙ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ከጓደኛ በእግር የተመለሰ ኳስ በእጅ መያዝ ሲከለከል ገና ወጣት በረኛ ነበሩና እግራቸውን እንደ አዲስ ማሠልጠን ነበረባቸው፤ ይህን የሚያህል ልምድ ይዘው ለዚህ ክፍል ጊዜ መንፈጋቸው ቆጭቶኛል። በአንጻሩ አዲሱን የስምንት ሴኮንድ ሕግ በደንብ አሠርተውናል፦ ኳስ በእጅህ ይዘህ ከስምንት ሴኮንድ በላይ ከቆየህ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን አምስት በእጁ እያሳየ ይቆጥራል። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው እየቆጠሩ ነው ያለማመዱን።

ፍጹም ቅጣት ምት ላይ አንድ ቀን ብቻ ቆየን፤ በቂ ነው። ከ11 ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታች ኳስ በ0.4 ሴኮንድ ገደማ ግቡ ላይ ናት። ስለዚህ ኳሷን አይቶ መወሰን አይታሰብም፤ የመቺውን አመጣጥ ማንበብ ነው ያለው። ደብተሮቹ እዚህም ጠቅመውናል።

ጀማሪ ሆኖ መውደቅን ገና ለሚማር ሰው ይህን ሥልጠና አልመክርም፤ እሳቸው አወዳደቁን ታውቃላችሁ ብለው ነው የሚጀምሩት። ዓመታት ተጫውቶ "ሁልጊዜ ለኳሷ በሚቀርበው ቋሚ በኩል ነው የሚገባብኝ" ለሚል በረኛ ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። እኔ ለሁለተኛው ዙር ተመዝግቤያለሁ። ብቻዬን ለምለማመድባቸው ቀናት ሁለት ገመድ ገዝቻለሁ፤ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ናቸው፤ ከግቡ ፊት ለፊት ካለው የክልሉ ጠርዝ እስከ ቋሚው አስሮ ትርፍ ይኖራቸዋል።