ስምንት ወር ከሐሚልተን 992ቢ ጋር፦ ያቺ "ሲ" የምትባል ፊደል

ይህን የኪስ ሰዓት የገዛሁት ለአንድ ዓመተ ምሕረት ብዬ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ሻጩ የጀርባ ክዳኑን ፈታና ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አሳየኝ። ስልኩን አውጥቶ ሰንጠረዥ ፈለገ። "1896" አለኝ። በእኛ 1888፣ የአድዋ ዓመት! ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። 480 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታውኑ ለአባቴ ደወልኩ። "አባዬ፣ የአድዋ ዘመን ሰዓት ገዛሁ" አልኩት። ደስ አለው።

ስድስት ወር በየጠዋቱ ሞላሁት። በሳምንት ከ20 ሰከንድ በላይ ስቶ አያውቅም። የአሜሪካ ባቡር ሠራተኞች ሰዓት በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይስት ይጠበቅ ስለነበር፣ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

መጋቢት ላይ ለማጽዳት ሰዓት ሰሪ ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌው ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አንዴ አዩት። "ማነው 1896 ያለህ?" አሉኝ። ማጉያውን ሰጡኝና አየሁ። ከቁጥሩ ፊት "ሲ" አለች። ትንሽ፣ ግን ጥርት ያለች ፊደል። ስድስት ወር ሙሉ ጌጥ መስላኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሚልተን የተባለው የሰዓት ፋብሪካ ላንካስተር፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ በፈረንጆች 1892 ተቋቋመ። መጀመሪያ ሁሉንም ሰዓት በአንድ ተራ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ፊደል የሌለው ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር በእርግጥም የዚያ ዘመን ነው። 992ቢ ግን በ1940 ሲወጣ የራሱ አዲስ ቆጠራ ተሰጠው፤ "ሲ" ተብሎ እንደገና ከ1 ተጀመረ። እስከ 1969 ድረስ ቆጠራው ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል። 950ቢ የተባለው ሌላው የሐሚልተን ሞዴል "ኤስ" አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን መንገድ መሪዎች የተሠራው 4992ቢ ደግሞ "4ሲ"። ፊደሏን ጥላችሁ ቁጥሩን ብቻ ካነበባችሁ ከአርባ ዓመት በላይ ትስታላችሁ።

ኤልጂን የተባለው ሌላ የአሜሪካ ፋብሪካ በሠራቸው ሰዓቶች ላይ ደግሞ ያቺው "ሲ" ሌላ ትርጉም አላት፤ 40 ሚሊዮን ማለት ናት። ከኋላዋ ያሉትን ስድስት አሃዞች እዚያ ላይ ትደምራላችሁ። "ኤክስ" ከሆነች 38 ወይም 39 ሚሊዮን ናት። አንድ ፊደል፣ ሁለት ፋብሪካ፣ ሁለት የተለያየ ሒሳብ።

ሻጩ "እኔ ሰንጠረዡ ያለውን ነው የነገርኩህ" ይል ይሆናል። አይሆንም። ማሽኑ ላይ "992ቢ" ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። "ኤሊንቫር ኤክስትራ" የሚልም አለ። ኤሊንቫር ሙቀትና ቅዝቃዜ የማይረብሸው የሞላ ብረት ነው፤ ሻርል ኤዱዋር ጊዮም በዚህ ዓይነት የብረት ቅይጥ ሥራው በ1920 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። በ1896 ይህ ብረት ገና አልነበረም። አሮጌ ሰዓት ሸጦ የሚያድር ሰው ይህን ማንበብ አለበት።

"ታዲያ ምን ጎደለብህ? ከ1896ቱ የተሻለ ሰዓት ነው የያዝከው" ቢለኝስ? እውነቱን ነው። 21 ጄውል (መፋተግን የሚቀንሱ ትናንሽ የድንጋይ መደገፊያዎች) አለው፣ ተኝቶም ቆሞም በትክክል እንዲሄድ በስድስት አቀማመጥ ተስተካክሏል። ሰዓቱን ለማስተካከል ስትፈልጉ መስታወቱን ትፈቱና ቁጥር 1 አጠገብ ያለችውን ቀጭን ምላስ በጥፍራችሁ ትስባላችሁ። ኪስ ውስጥ ዘውዱ (የሚጠመዘዘው መሙያ) ቢነካ እንኳ ጠቋሚዎቹ አይነቃነቁም። ይህን አሠራር በጣም ወድጄዋለሁ። ግን እኔ ብሬን ያወጣሁት ለዚህ አልነበረም።

አንዳንድ ቀን ልመልሰው ብዬ እነሳለሁ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማውና እተወዋለሁ። ጥሩ የባቡር ሰዓት ለሚፈልግ ሰው 992ቢን ያለ ማመንታት ግዛ እለዋለሁ። ለዓመቱ ብሎ የሚገዛ ግን መጀመሪያ ማጉያ ይያዝ። ሰው የሚያሳየውን ቁጥር ሳይሆን ከቁጥሩ ፊት ያለውን ይይ።

ለአባቴ እስካሁን አልነገርኩትም። በደወልኩ ቁጥር "ያ የአድዋ ሰዓት እንዴት ነው?" ይለኛል።