ለወሎ ንጋት የትኛው ካሜራ ይሻላል? ሀንዲካም፣ ዜድቪ-ኢ10 ወይስ ሉሚክስ ኤስ5

ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ደሴን በንጋት የቀረጸ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ቀልቷል። ከተማዋ ግን ከታች ገና ጨለማ ውስጥ ነች፤ የሚታየው የመንገድ መብራትና አልፎ አልፎ ከጣሪያ የሚወጣ ጭስ ነው። ዓይናችን ሁለቱንም አንድ ላይ ያያል። ካሜራ ግን ይቸገራል። ለሰማዩ ሲያስተካክሉት ከተማዋ ትጠቁራለች፤ ለከተማዋ ሲያስተካክሉት ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል።

ጊዜውም አጭር ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ከወገግታው እስከ ፀሐይዋ ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። በጥቅምት አጋማሽ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች፤ በጥር ወደ 12 ሰዓት ከ45 ትዘገያለች። አንድ ቀን ደላንታ ላይ በብርድ ቆሜ ስጠብቅ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና «ልጄ፣ ምን ልታይ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጠው?» አሉኝ። «ፀሐይዋን ነው አባባ» አልኳቸው። «እሷማ ቀርታ አታውቅ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የነበረው ብርሃን ግን አልተደገመልኝም።

ስለዚህ ስትገዙ «ፎር ኬ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሦስቱም ፎር ኬ ይቀርጻሉ። የሚለያዩት በሴንሰራቸው (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል በሚያደርገው ክፍል) ስፋት፣ በሌንሳቸው፣ እና የሰማዩን ቀለም በሚይዙበት መንገድ ነው።

ከሀንዲካሙ ልጀምር፤ ሶኒ ኤኤክስ53 ማለቴ ነው። ሴንሰሩ በጣም ትንሽ ነው። የዜድቪ-ኢ10 ሴንሰር በስፋት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሞላል። ግን 20 እጥፍ ዙም አለው፤ እውነተኛ የሌንስ ዙም ነው። ከጦሳ ሆናችሁ ማዶ ያለች አንዲት ጎጆ፣ ከደጃፏ የቆመች ላም ድረስ ትስባላችሁ። በሌሎቹ ሁለት ካሜራዎች ይህን ለማድረግ ውድና ከባድ ሌንስ መግዛት ግድ ነው። በእጅ ሲይዙትም ብዙ አይንቀጠቀጥም። እንጀራችሁ ሰርግ ከሆነና ንጋት የምትቀርጹት አልፎ አልፎ ከሆነ፣ እሱን ይዛችሁ ቆዩ።

ዜድቪ-ኢ10ም የሶኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ነው። ቀላል ነው፤ ፎከሱም ፈጣን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። አብሮት የሚሸጠው ከ16 እስከ 50 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ብርሃን ብዙም አያስገባም፤ ሰፊው ጫፍ ላይ (ዙም ሳይስቡ) ኤፍ 3.5፣ ሲስቡት ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል። በዚህ ሌንስ ንጋት ከቀረጻችሁ ለትልቁ ሴንሰር የከፈላችሁት ገንዘብ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ኤፍ 1.8 የሆነ አንድ ዙም የሌለው ሌንስ ብትጨምሩበት፣ ሰፊው ጫፍ ላይ ካለው እንኳ 4 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ያኔ ሌላ ካሜራ ይሆናል። ካሜራው በራሱ ሴንሰሩን የሚያረጋጋ ነገር የለውም፤ ያለ ትራይፖድ አታስቡት።

የፓናሶኒኩ ሉሚክስ ኤስ5 ፉል ፍሬም ነው፤ ማለትም ሴንሰሩ ከሦስቱ ትልቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ። ለንጋት ብቻ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱን በሐይቅ ልንገራችሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ማለዳ ላይ ውሃው ጭጋግ ይለብሳል። ከላይ ያለው ሰማይ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን ቀስ እያለ ይለወጣል። ባለ 8 ቢት ካሜራ ለእያንዳንዱ ዋና ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ኤዲት ስታደርጉ ቀለሙን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ያ ለስላሳ ሰማይ እንደ ጥለት በመስመር በመስመር ይከፋፈላል። በትልቅ ቴሌቪዥን ሲታይ ያናድዳል። ሀንዲካሙም ዜድቪ-ኢ10ም 8 ቢት ናቸው። ኤስ5 በ10 ቢት ይቀርጻል፤ 1,024 ደረጃ አለው። በቪ-ሎግ (ለኤዲት እንዲመች ቀለሙን አደብዝዞ በሚይዘው አቀራረጽ) ስትቀርጹ ደግሞ 640 እና 4,000 የሚባሉ ሁለት መነሻ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) አሉት። ወገግታው ላይ በ4,000 ጀምራችሁ ፀሐይዋ ስትወጣ ወደ 640 ትመለሳላችሁ፤ ጨለማው ንጹሕ ይሆናል።

ጉድለቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ፎከሱ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ እንደ ዜድቪ-ኢ10 አይደለም፤ ለሰርግ ያስቸግራል። ለተራራ ግን ፎከሱን በማኑዋል ሩቅ ላይ ስለምታስሩት ችግር አይሆንም። ፋይሉም ትልቅ ነው፤ በሰከንድ 150 ሜጋ ቢት ሲቀርጽ ለ1 ሰዓት 67 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። ያረጀ ላፕቶፕ ያንን ሲያጫውት ይንተፋተፋል።

ስልክን ብዙ አላወራም። ወገግታው ላይ በራሱ እያበራ እያጠቆረ ያስቸግራል፤ ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) የሚያስር አፕ ካልጫናችሁ በቀር የንጋቱን ቅላት እያረመ ያጠፋዋል። ሦስቱ ካሜራዎችም በአውቶ ከተተዉ ይህንኑ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ኋይት ባላንሱን 5,600 ኬልቪን ላይ እሰሩት። ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሹተሩን 1/50 ሰከንድ አድርጉ።

ገንዘቡ አንድ ላይ ካልበቃ አዲስ ዜድቪ-ኢ10 ከነሌንሱ ከምትገዙ፣ ያገለገለ ኤስ5፣ አንድ ሌንስና ደህና ትራይፖድ ግዙ። ትራይፖዱ ላይ አትሰስቱ፤ ገደል አፍ ላይ ንፋሱ ቀላሉን ያንቀጠቅጠዋል። ሁለት ትርፍ ባትሪም ያዙ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ እኔ ጋቢዬ ውስጥ ከሰውነቴ አስጠግቼ ነው የምይዛቸው።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ። የሌንሱን ክዳን ዝጉ፣ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ፣ ለ1 ደቂቃ ጨለማውን ቅረጹ። ከዚያ በትልቅ ስክሪን እዩት። ከቦታው የማይነቃነቅ ነጭ ወይም ቀይ ነጥብ ካለ፣ በቀን ቀረጻ አይታያችሁም፤ ንጋት ላይ ግን ጥቁሩ ተራራ መሐል እንደ ኮከብ ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ከሜኑ ይስተካከላል። እዚያው ቆማችሁ አስተካክሉና ድጋሚ ቅረጹ፤ ካልጠፋ ሌላ ፈልጉ።