የአባታችንን ናሙና እንደገና ላነበቡልን ሐኪም

በእኛ ዘንድ ሕመምተኛ ሲሻለው ምስጋናው የሚደርሰው ለቀዶ ሕክምና ሐኪሙና ለነርሶቹ ነው፤ ይገባቸዋልም። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያነበበውን ሰው ግን ማን እንደሆነ እንኳ የሚጠይቅ የለም። ይህን የምጽፈው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚሠሩ አንዲት የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ «ዶክተር» ብቻ እላቸዋለሁ።

አባታችን ከግራ ጆሯቸው ሥር እባጭ ከወጣባቸው ቆይቷል። አያማቸውም፣ አይቀላም። ጎረቤት ሁሉ «ጆሮ ደግፍ ነው» ይል ነበር፤ ጆሮ ደግፍ ግን በቀናት ይሽራል እንጂ ዓመት አይከርምም። በአንድ ክሊኒክ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደና «ካንሰር አይደለም» ተባልን። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ጆሮ ሥር ባለው ትልቁ የምራቅ ዕጢ ላይ ከሚወጡት እባጮች አብዛኞቹ እውነትም ካንሰር አይደሉም፤ በቀጭን መርፌ የሚወጡት ጥቂት ሴሎች ደግሞ አንዳንዱን ካንሰር ከደህናው እባጭ ያመሳስሉታል። ያናደደኝ የአባባ ከንፈር በግራ በኩል መዛነፍ ከጀመረ በኋላም ያንኑ ወረቀት እያዩ «ደህና ነው» ማለታቸው ነው። የፊት ነርቭ የሚያልፈው በዚያው ዕጢ መሃል ነው። እባጭ ባለበት ወገን ፊት ከተዛነፈ የቀድሞውን ውጤት ማመን አይገባም።

ዶክተር የድሮውን ስላይድ፣ ማለትም ናሙናው የተቀባበትን መስታወት፣ አስመጥተው አዩት፤ አልበቃቸውም። ወፈር ባለ መርፌ እንደገና ናሙና እንዲወሰድ አደረጉ። ውጤቱን ስጠይቅ «ነይ፣ ራስሽ እዪው» ብለው ስክሪኑ ፊት አስቀመጡኝ። ሐምራዊዎቹ ሴሎች ክብ ክብ ቀዳዳዎችን ከበው ቁርጥ ወንፊት መስለዋል። ከጎን ደግሞ አንድ ቀጭን ነርቭ በእነዚያው ሴሎች ተጠምጥሞ ይታያል። በዚህ ብቻ አልፈረሙም፤ ተጨማሪ የቀለም ምርመራ አሠርተው፣ ባልደረባቸውንም አሳይተው ነው «አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ» ብለው የጻፉት፤ አንድ የምራቅ ዕጢ ካንሰር ዓይነት ነው።

ስሙ ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፣ የምራቅ ዕጢ ካንሰር ብርቅ ከመሆኑም በላይ አንድ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 በላይ ዓይነቶችን ይለያል። አንዳንዱ በጊዜ ከተቆረጠ ሌላ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል፤ አንዳንዱ ይቸኩላል። የአባባ ዓይነቱ ዝግተኛ ነው፤ ግን ነርቭን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላም ሳንባ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ዘመድ ሁሉ «ኬሞቴራፒ ቶሎ ይጀመር» ሲል የነበረው በዚህ ቀረ፤ ለዚህ ዓይነቱ ኬሞቴራፒ እምብዛም አይረዳም። መጀመሪያ የደረት ሲቲ ስካን፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር ተባለ። ከጨረሩ በፊት የጥርስ ሐኪም ማየትም ግድ ነበር፤ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ በቀላሉ ይበላሻልና። ቀዶ ሐኪሙ ከነርቩ የታመመውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጠው ሌሎቹን አተረፉ። አባባ ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ ፈገግታቸው ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እርሳቸው እንኳ ግድ የላቸውም።

ፓቶሎጂስት ከሕመምተኛ ጋር ብዙም አይገናኝም። ዶክተር ግን አባባን ሊጠይቁ ዋርድ ድረስ መጡ። «ዶክተር ልጄ፣ ለፋሲካ ዶሮውን እበላለሁ?» አሏቸው። «ይበላሉ አባባ፤ ጨረሩ አፍዎን ስለሚያደርቀው መረቁን በዛ ያስደርጉት» ብለው ሲመልሱ እናቴ ከሰማችው የሕክምና ምክር ሁሉ ይህኛውን ያዘች።

ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ በታች ወይም ላንቃ ላይ የማይጠፋ እባጭ ያለበት ሰው ካላችሁ ሳትዘገዩ አሳዩ። በተለይ ከመንጋጋና ከምላስ ሥር ባሉት ትንንሽ ዕጢዎች ላይ የሚወጣው ከጆሮ ሥሩ ይልቅ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ናሙና ተወስዶ ከነበረ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስላይዱንና ብሎኩን፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ናሙና፣ ከላቦራቶሪው ጠይቃችሁ ተቀበሉ። እንደገና የሚነበበው እርሱ ነው። በጥቁር አንበሳ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በጠዋት ድረሱ፤ የማስታወሻ ደብተርም ያዙ፤ ዶክተር ሲያስረዱ ብዙ የሚጻፍ ነገር አለ።