ኤልኤም4040 ለባትሪ መለኪያ፦ ቺፑ ጥሩ ነው፣ ሬዚስተሩን ግን አስሉት

ጣና ዳር ላሉ የሶላር ፓምፖች በአርዱይኖ የሚሠራ የባትሪ መለኪያ ቁጥሩ ሲዋዥቅ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኮዱ ሳይሆን አርዱይኖው ንባቡን የሚያነጻጽርበት የ5 ቮልቱ መስመር ነው። ያንን መስመር የሚያወጣው የ7805 ሬጉሌተር ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት ቢሰጥ ጤነኛ ነው፤ ያ 4 በመቶ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ስህተት ያመጣል። ያረፈ የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.7 ገደማ፣ ሩቡ ብቻ ሲቀረው 12.0 ገደማ ስለሚያሳይ፣ እንዲህ ያለ መለኪያ ለአትክልተኛው ምንም አይነግረውም።

ለዚህ ሥራ የምንመርጠው የ4.096 ቮልቱን ኤልኤም4040 ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ቋሚ ቮልቴጅ (ሪፈረንስ) የሚሰጥ ቺፕ ነው። አርዱይኖው ንባቡን በሚከፍልበት በ1024 እርከን ሲካፈል አንዱ እርከን ልክ 4 ሚሊ ቮልት ይሆናል። የባትሪውን ቮልቴጅ በ30 እና በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከፍላችሁ ብታስገቡ አንዱ እርከን 16 ሚሊ ቮልት ነው፤ እስከ 16.3 ቮልት ድረስም ያነባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከ5 ቮልት ወደ ቺፑ በሚገባው ሬዚስተር ላይ ነው። ቺፑ ራሱ ከ0.1 ሚሊ አምፔር በታች ይበቃዋል፤ ነገር ግን የአርዱይኖ ኡኖ ኤሬፍ እግር (የውጪው ሪፈረንስ የሚገባበት) ውስጡ 32 ኪሎ ኦም ስላለ 0.13 ሚሊ አምፔር ይሻማዋል። 10 ኪሎ ኦም ካስገባችሁ ኤሬፉ ወደ 3.8 ቮልት ይወርድና 12.0 የሆነው ባትሪ 12.9 መስሎ ይታያል፤ ሩቡ ብቻ የቀረውን ሙሉ ማለት ነው። 4.7 ኪሎም አይበቃም። 1 ኪሎ ኦም አድርጉ፤ መስመሩ ወደ 4.5 ቮልት ቢወርድ እንኳ 0.4 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ኮዱ ላይ ከመጀመሪያው ንባብ በፊት ሪፈረንሱን ኤክስተርናል (የውጪ) ማለት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የውስጡና የውጪው ሪፈረንስ ይጋጫሉ፣ የአርዱይኖው ቺፕም ሊበላሽ ይችላል።

ሌላው የሪፈረንስ ቺፕ፣ ቲኤል431፣ ከብዙ የተቃጠሉ ቻርጀሮች ቦርድ ላይ ይነቀላል፤ ለባትሪ መቁረጫ እጅግ ጥሩ ነው። ለኤሬፍ ግን አንመክረውም። ቢያንስ 1 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል፣ የማይስማማው ካፓሲተር ከተደረገበትም መርገብገብ ይጀምራል። ኤልኤም4040 ማንኛውንም ካፓሲተር ይችላል። የኤልኤም4040ን ትንሹን ባለ ሦስት እግር ቅርጽ ስትበይዱ ሦስተኛውን እግር ወይ ባዶውን ተዉት ወይ ከአኖዱ (ከመሬት መስመሩ ጋር ከሚገናኘው እግር) ጋር አገናኙት፤ ሌላ ቦታ አይነካም።

የኤልኤም4040 ኤ ደረጃው በ0.1፣ ሲ ደረጃው በ0.5 በመቶ ስህተት ውስጥ ነው፤ የሙቀት ገደባቸው ግን አንድ ነው፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ከሚሊዮን 100 እጅ። ሌሊት 15 ዲግሪ የነበረ ሳጥን ቀትር ላይ 50 ቢገባ፣ በ12 ቮልት ላይ የሚመጣው ስህተት ቢበዛ 42 ሚሊ ቮልት ነው። የመነሻው ስህተት በጥሩ መልቲሜትር አንዴ በኮድ ይታረማል፤ የሙቀቱ አይታረምም። ስለዚህ ሲውን ግዙና የተረፈውን ብር የባትሪውን ቮልቴጅ ለሚከፍሉት ሬዚስተሮች አውሉት፤ 1 በመቶ ሜታል ፊልም ይሁኑ። ካርቦኖቹ በሙቀት ስለሚለወጡ የቺፑን ጥራት ያባክኑታል።