የባሮኑ ጭፍራ በብራና ላይ፦ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ወታደሮች ዳታቤዝ ሲገመገም

ስለ አንድ የእንግሊዝ ባሮን (ባለርስት ባላባት) የተጻፈ ነገር ብዙ ጊዜ ርስቱንና ጋብቻውን በዝርዝር ይተነትንና ዘመቻው ላይ ሲደርስ «ፈረንሳይ ዘምቶ ተዋጋ» ብሎ ያልፋል። የሬዲንግና የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት የወታደሮች ዳታቤዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በነፃ ይከፈታል። ከ1369 እስከ 1453 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለእንግሊዝ ንጉሥ የዘመቱትን ሰዎች ስም፣ ማዕረግ፣ ካፒቴን (የጭፍራው መሪ)፣ የበላይ አዛዥ፣ ዓመት፣ የዘመቻውን ዓይነትና የብራናውን መለያ ቁጥር በአንድ ረድፍ ያሳያል።

መረጃው ከምን እንደተቀዳ ሳያውቁ መፈለግ ግን ያሳስታል። በዚያ ዘመን ባሮኑ ይህን ያህል ጥሩር ለባሽ፣ ይህን ያህል ቀስተኛ፣ ለዚህን ያህል ወር ብሎ ከንጉሡ ጋር ውል ይገባል። ጭፍራው ሲሰለፍ የግምጃ ቤቱ ሹማምንት የስም ዝርዝሩን ይዘው ይቆጥራሉ፤ ብዙ ጊዜም በተገኘው ሰው ስም አጠገብ ነጥብ ያደርጋሉ። ዳታቤዙ በዋናነት የእነዚህ ብራናዎች ግልባጭ ነው።

የጀማሪ ስህተት የባሮኑን ስም በወታደር ስም ሳጥን ብቻ መፈለግ ነው። ባሮን ማለት ጭፍራ የሚያሰልፍ ሰው ነውና ፍለጋው ከካፒቴን ሳጥን ይጀምር። ያኔ ራሱን ብቻ ሳይሆን አብረውት የዘመቱትን፣ ከዘመቻ ዘመቻ ያልተለዩትንም ማየት ይቻላል፤ የዳታቤዙ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ቀጥሎ የአባት ስሙን በተለያየ አጻጻፍ መሞከር ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዎቹ አንዱን ስም በሦስት በአራት ዓይነት ይጽፉት ነበር። «ደ» የምትለው የስም ቅጥያ የራሷ ዓምድ ስላላት ከስሙ ጋር አጣብቆ መጻፍ ውጤቱን ያጠፋል።

ቶማስ ካሞይስን እንውሰድ። ጥቅምት 25 ቀን 1415 እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ በተዋጉበት በአዠንኩር ጦርነት የግራውን ክንፍ የመራው ይህ ባሮን ነው። የክንፍ አዛዥነቱን ግን ከቆጠራ መዝገብ መጠበቅ አይገባም፤ መዝገቡ ማን ተሰለፈ የሚለውን እንጂ ማን የት ቆመ የሚለውን አይመልስም። ከዚህም በላይ ጦሩ ከአዠንኩር በፊት የፈረንሳይ ወደብ የሆነችውን አርፍለርን ከብቦ ሳለ ተቅማጥ ገብቶበት ብዙዎች ታመው ተመልሰዋል፤ 300 ጥሩር ለባሽና 900 ቀስተኛ ደግሞ ከተማዋን ሊጠብቁ ቀርተዋል። ስለዚህ መርከብ ከመሳፈራቸው በፊት በተደረገ ቆጠራ ላይ ስሙ የተገኘ ሁሉ አዠንኩር ላይ ነበር ማለት አይቻልም።

ደመወዝ ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል፤ የ1415 ተመን ግልጽ ስለሆነ አያስቸግርም። ባሮን በቀን 4 ሺሊንግ፣ እስኩየር (ከባላባት ማዕረግ በታች ያለ ጥሩር ለባሽ) 12 ፔኒ፣ ቀስተኛ 6 ፔኒ ነበር (12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ)። ባሮኑ 9 እስኩየርና 30 ቀስተኛ ካሰለፈ የቀኑ ወጪ 28 ሺሊንግ፣ የ91 ቀኑ 127 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ይሆናል። ለእያንዳንዱ 30 ጥሩር ለባሽ በሩብ ዓመት የሚከፈለው የ100 ማርክ ጉርሻ (አንድ ማርክ 13 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ነው) ሲጨመር፣ ባሮኑን ጨምሮ 10 ጥሩር ለባሽ ላለው ለዚህ ጭፍራ ሌላ 22 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። ይህ ስሌት የመስክ ዘመቻ ነው፤ ለሌላ ዘመንና ለሌላ አገልግሎት መውሰድ አይገባም።

የጥበቃ ደብዳቤዎች ለብቻቸው የሚፈለጉ ናቸው፤ ጥንቃቄ የሚሹትም እነርሱ ናቸው። ደብዳቤው ባሮኑ ባሕር ማዶ ሳለ በፍርድ ቤት እንዳይከሰስ የሚከልል ነበር። ደብዳቤ ማውጣት የመሄድ ሐሳብን ያሳያል እንጂ መሄድን አያረጋግጥም። ወስደው አገር ቤት የቀሩ ነበሩ፤ ሲታወቅባቸውም ይሰረዝባቸዋል። መሰረዙን ሳያጣሩ «በዚህ ዓመት ዘመተ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

እንግሊዞች ይዘውት በነበረው በፈረንሳዩ ኖርማንዲ የምሽጎች ጥበቃ መዝገቦች በየቤተ መዛግብቱ የተበተኑ በመሆናቸው የአንድ ባሮን አገልግሎት መሀል ላይ ተቆርጦ ሊታይ ይችላል፤ ያ ማለት ሥራ ፈትቶ ነበር ማለት አይደለም። ሞክሼዎችንም ዳታቤዙ አይለይም። አባትና ልጅ አንድ ስም ካላቸው ባሮኑ ሲሞት ስለ ርስቱ ከተደረገው ምርመራ የሞተበትን ቀንና የወራሹን ዕድሜ አግኝቶ ዓመቶቹን መለየት የተመልካቹ ሥራ ነው።

መለያ ቁጥሩ በ«ኢ 101» (E 101) ከጀመረ የግምጃ ቤት ሒሳብ፣ በ«ሲ 76» (C 76) ከጀመረ ከፈረንሳይ ጋር የተያያዙ የንጉሡ ደብዳቤዎች ጥቅል ነው፤ ሁለቱም ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። የንጉሥ አንደኛው ኤድዋርድ ዘመን (1272–1307) ባሮን ለሚፈልግ ግን ይህ ዳታቤዝ አይረዳም። ለእነዚያ የሚሻለው የፈረስ ግምት ዝርዝር ነው፦ ከዘመቻ በፊት የእያንዳንዱ ፈረስ ዋጋ ተገምቶ ይጻፋል፣ ፈረሱ በዘመቻ ላይ ከሞተ ግምቱ ለባለቤቱ ይከፈላል።